ሱቅ እና ሶኮ፦ የአንድ አጭር ቃል ጉዞ ከመስጴጦምያ ጎዳና እስከ ናይሮቢ ገበያ

1. መግቢያ

በናይሮቢ ምሥራቃዊ ክፍል በሚገኘው በኢስትሊ ሰፈር አንድ አጭር ቃል በአራት ቋንቋዎች ይነገራል። ሶማሊኛ ተናጋሪው «ሱቅ» ሲል ገበያውን በሙሉ ማለቱ ነው፤ ሻጩ፣ ገዢው፣ ሸቀጡና ግርግሩ ሁሉ በቃሉ ውስጥ ይገባሉ። አማርኛ ተናጋሪው በዚያው መንገድ ላይ ቆሞ «ሱቅ» ሲል ግን በርና መደርደሪያ፣ የታወቀም ባለቤት ያላትን አንዲት ቤት ብቻ ማመልከቱ ነው። ኦሮምኛ ተናጋሪው «ሱቂ» ሲል ከአማርኛው ጋር ይስማማል። ስዋሂሊ ተናጋሪው ደግሞ «ሶኮ» ሲል ከሶማሊኛው ጋር ይውላል። ቃሉ አንድ ነው፤ አራቱም ቋንቋዎች ያገኙት ከዐረብኛ ነው። ትርጉሙ ግን ለሁለት ተከፍሏል፤ ለአንዱ ወገን ብዙ ሻጮች የሚሰበሰቡበት ስፍራ፣ ለሌላው ወገን የአንድ ሻጭ ቤት ነው።

ይህን ልዩነት በቋንቋ ዝምድና ማስረዳት አይቻልም። አማርኛ ሴማዊ ነው፤ ኦሮምኛና ሶማሊኛ ኩሻውያን ናቸው፤ ስዋሂሊ የባንቱ ነው። ሁለቱ ኩሻውያን እንኳ በዚህ ቃል ጉዳይ ተለያይተዋል። የድምፅ ለውጥም መልስ አይሆንም፤ በአማርኛና በሶማሊኛ ቃሉ በጣም ተቀራራቢ ሆኖ ይነገራልና። የዚህ ጽሑፍ ሐሳብ ምክንያቱ ከቃሉ ውጭ መፈለግ አለበት የሚል ነው። የተውሶ ቃል በገባበት ቋንቋ ውስጥ የሚሰጠው ትርጉም የሚወሰነው ቀድሞ በተቀመጠው ጎረቤት ቃል ነው። ይህ እንዲታይ የቃሉን ታሪክ ከምንጩ መከተል ያስፈልጋል። በጽሑፉ ውስጥ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

2. ከጎዳና ወደ ገበያ

የቃሉ የተጻፈ ታሪክ የሚጀምረው በመስጴጦምያ ነው። በአካድኛ «ሱቁ» ማለት በቤቶች መካከል የሚያልፍ የከተማ ጎዳና ነበር፤ ብዙ ጊዜም «ጠበበ» ከሚል ትርጉም ካለው ግስ ጋር ይያያዛል። ለገበያና ለገበያ ዋጋ አካድኛ «ማኺሩ» የተባለ ሌላ ቃል ስለ ነበረው «ሱቁ» በጎዳናነቱ ጸና።

ከአካድኛ ቃሉ ወደ አራማይክ «ሹቃ» ሆኖ ተሻገረ። የ«ሰ» እና የ«ሸ» መለዋወጥ አሦራውያን በጽሑፍ «ሰ» የሚባለውን ድምፅ ወደ «ሸ» አስጠግተው ይናገሩ ከነበረው ልማድ ጋር ይስማማል። በአራማይክ ቃሉ ሁለት ትርጉም ያዘ፤ ጎዳናና ገበያ። ለውጡ አያስገርምም። ሸቀጥ በጎዳና ዳር በሚዘረጋበት ከተማ መንገዱና መገበያያው አንድ ስፍራ ናቸውና። ዕብራይስጥ ግን በመጽሐፍ ቅዱስ ዘመን የቀድሞውን ትርጉም እንደ ጠበቀ ይታያል። «ሹቅ» በብሉይ ኪዳን የሚገኘው አራት ጊዜ ብቻ ነው፤ አንድ ጊዜ በምሳሌ፣ ሁለት ጊዜ በመክብብ፣ አንድ ጊዜ በመኃልየ መኃልይ። በአራቱም ቦታ ጎዳናን ያመለክታል። በዛሬው ዕብራይስጥ ግን «ሹቅ» ገበያ ነው።

ዐረብኛ ቃሉን የተቀበለው ከአራማይክ ነው። ከጥንታውያኑ የአራማይክ ተውሶዎች ብዙዎቹ «ሸ»ን በ«ሰ» ለውጠው ወደ ዐረብኛ ስለ ገቡ «ሹቃ» «ሱቅ» መሆኑ የሚጠበቅ ነው። የዐረብ መዝገበ ቃላት ጸሐፊዎች ግን ቃሉን ከቋንቋቸው ከራሱ ሊያወጡት ሞከሩ። በ14ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ የሞተው ኢብን መንዙር «ሊሳን አልዐረብ» በተባለው ሥራው ቃሉን «ነዳ» ከሚለው ግስ «ሳቀ» ጋር ያያይዘዋል፤ ሸቀጥ ወደ ገበያ የሚነዳ ስለ ሆነ ነው ይላል። ማብራሪያው ከብቱንና ግመሉን ወደ ገበያ ለሚነዳ ሕዝብ ልብ የሚገባ ነው፤ ታሪኩ ግን ሌላ ነው። ዚግመንድ ፍሬንክል በ1886 ባሳተመው በዐረብኛ ውስጥ ስላሉ የአራማይክ ተውሶዎች በሚናገረው መጽሐፍ ቃሉን ከባዕዳኑ ቃላት መካከል ቈጥሮታል።

በቁርኣን 25ኛው ምዕራፍ ቃሉ በብዙ ቍጥር «አስዋቅ» ሆኖ ሁለት ጊዜ ሲመጣ ትርጉሙ ገበያ ነው፤ ጎዳናነቱ ቀርቷል። የዐረቦች «ሱቅ» ቋሚ መሆንም አያስፈልገውም ነበር። ከእስልምና በፊት የታወቀው የዑካዝ ገበያ በዓመት አንድ ወቅት የሚቆም ነበር፤ በሰሜን አፍሪካም ሳምንታዊ ገበያዎች በየቀናቸው «ሱቅ» እየተባሉ ለከተሞች ስም ሆነዋል። የአንዱ ነጋዴ ክፍል ግን በዐረብኛ «ዱካን» ይባላል። ይህም ቃል ቀድሞ ሸቀጥ የሚዘረጋበትን መደብ ያመለክት ነበር። ስለዚህ ቃሉ ቀይ ባሕርንና የህንድ ውቅያኖስን ለመሻገር በተነሣ ጊዜ ብቻውን አልነበረም፤ «ሱቅ» ስፍራውን፣ «ዱካን» ቤቱን እየያዙ ጥንድ ሆነው ነበር። አፍሪካ ውስጥ የተቀበሏቸው ቋንቋዎች ይህን ጥንድ እንዳለ አልወሰዱትም።

3. አማርኛ፦ የተያዘ ወንበር

አማርኛ ለመሰብሰቢያው ስፍራ ከጥንት ጀምሮ «ገበያ» የሚል ቃል ነበረው። በቋንቋው ውስጥ ይህ ቃል ከቀን ጋር የተጋባ ነው፤ በደቡብ ጎንደር «ዓርብ ገበያ» የተባለችው ከተማ ስሟን ያገኘችው ከገበያዋ ቀን ነው። «ገበያ ዋለ»፣ «ገበያ ወጣ»፣ «ገበያው ደራ»፣ «ገበያው ተፈታ» የሚሉት አነጋገሮች ሁሉ የሚገልጹት የሚሰበሰብና የሚበተን ነገርን ነው። ኦሮምኛም መጨረሻው የሚረዝም «ገባ» የሚል ቃል ለዚሁ አለው። ግእዝ በበኩሉ «ሤጠ» ካለው ግስ «ምሥያጥ» የሚል ስም አውጥቶ ነበር። በደጋው አገር ለ«ሱቅ» በገበያነት የሚሆን ባዶ ቦታ አልነበረም።

ባዶ የነበረው ሌላ ቦታ ነው። በሳምንታዊው ገበያ የለመደ አገር፣ ከሰኞ እስከ እሑድ በአንድ በር ውስጥ ተቀምጦ ለሚሸጥ ነጋዴ የተለየ ስም አላስፈለገውም ነበር። አዲስ አበባ በ1886 ከተቈረቈረች በኋላ በአራዳ ገበያ ዙሪያ የህንድ፣ የአርመን፣ የግሪክና የዐረብ ነጋዴዎች ቋሚ መሸጫዎች ሲከፍቱ ግን አዲስ ነገር መጣ። በተለይ የየመን ዐረቦች በየሰፈሩ ስኳር፣ ሻይ ቅጠል፣ ላምባና ሳሙና የሚቸረችሩባቸውን ትናንሽ ቤቶች ያዙ፤ ሕዝቡም «ዐረብ ቤት» ይላቸው ነበር። በነጋዴው ቋንቋ ገበያን ይጠራ የነበረው «ሱቅ» በአማርኛ የዚህ አዲስ ነገር ስም ሆነ። ከስፍራው ወደ ቤቱ፣ ከብዙው ወደ አንዱ ጠበበ።

ትግርኛ የዚህ ማስረጃ ነው። ለገበያ «ዕዳጋ» የሚል የራሱ ቃል ያለው ትግርኛ ለቋሚ መሸጫ የወሰደው «ድኳን»ን ነው፤ ማለትም ዐረቦቹ ራሳቸው ለዚያ ይጠቀሙበት የነበረውን። ሁለቱ ቋንቋዎች የወሰዱት ቃል ተለያየ፤ የሞላው ክፍተት ግን አንድ ነው። ከዐረብኛው ጥንድ የትኛው ይመረጥ የሚለው የአጋጣሚ ጉዳይ ሊሆን ይችላል። የት ይቀመጥ የሚለው ግን የአጋጣሚ አልነበረም።

ቃሉ ከገባ በኋላ በአማርኛ ውስጥ ሥር ሰደደ። «ባለሱቅ» የሰፈር ሰው ሆነ፤ በዱቤ የሚሰጥም የሚጠየቅም እርሱ ነው። ሸቀጡን በአንገቱ ባንጠለጠለው ሣጥን ደርድሮ በየመንገዱ የሚዞረው ነጋዴ «ሱቅ በደረቴ» ተባለ። ይህ ስም የቃሉን የአማርኛ ትርጉም ከማንኛውም ፍቺ በተሻለ ያሳያል፤ ገበያ በደረት ላይ ሊንጠለጠል አይችልም፣ ሱቅ ግን ይችላል። ዛሬ ደግሞ በላዩ ሌላ ጎረቤት አለ፤ «መደብር»። መጻሕፍትና መድኃኒት በመደብር ይሸጣሉ፤ ለሱቅ የቀረለት ጨው፣ ክብሪትና የመሳሰለው የዕለት ሸቀጥ የሚገኝበት የሰፈር ቤት ነው። ጎረቤት በመጣ ቍጥር የቃሉ ግቢ እየጠበበ ሄዷል።

4. ስዋሂሊ፦ የሁለት ተውሶ ክፍፍል

ደጋማውን ኢትዮጵያና የስዋሂሊን ጠረፍ በአንድ ሰው ሥራ የሚያገናኝ ታሪክ አለ። ጀርመናዊው ሚሲዮናዊ ዮሐን ሉድቪግ ክራፕፍ ከ1839 እስከ 1842 በሸዋ ቈይቶ አማርኛን አጥንቷል፤ የአንኮበር አካባቢ ንግድ በዚያን ጊዜ በዓልዩ አምባ ሳምንታዊ ገበያ ላይ የተመሠረተ ነበር። በ1844 ሞምባሳ ገባና ለስዋሂሊና ለጎረቤቶቹ ቋንቋዎች ጥናት ብዙ ደከመ። የስዋሂሊ መዝገበ ቃላቱ በ1882፣ ከሞተ በኋላ፣ ለንደን ውስጥ ታተመ። ክራፕፍ የተሻገረው በሳምንታዊ ገበያ ከሚኖር ማኅበረሰብ ወደ ጠረፍ ከተሞች ነው፤ በእነዚህ ከተሞች የዐረብኛ ቃላት በንግዱ ቋንቋ ውስጥ ለብዙ መቶ ዓመታት ሲገቡ ኖረዋል።

ስዋሂሊ «ሱቅ»ን «ሶኮ» አድርጎ ወሰደ። የዐረብኛው «ቀ» በ«ከ» ተተካ፤ የባንቱ ቃል በአናባቢ ስለሚያልቅም መጨረሻው የፊተኛውን አናባቢ ተከትሎ ተሞላ። «ሰንዱቅ» በስዋሂሊ «ሳንዱኩ» የሆነው በዚሁ መንገድ ነው። ቃሉ በብዙ ቍጥር «ማሶኮ» መባሉ በባንቱ የስም ምድቦች ውስጥ ሙሉ ዜግነት እንዳገኘ ያመለክታል። ትርጉሙም በዐረብኛ የነበረው ነው፤ ገበያ።

«ሶኮ» ይህን ትርጉም ጠብቆ የቈየው ጎረቤቱ ሌላውን ቦታ ስለያዘ ነው። ይህ ጎረቤት «ዱካ» ነው፤ ከዐረብኛና ከፋርስ ወደ ህንድ ቋንቋዎች የገባው፣ በጉጃራቲ ነጋዴዎችም አፍ የተለመደው «ዱካን»። የመጨረሻው «ን» የጠፋበት ምክንያት የታወቀ ማብራሪያ አለው። በስዋሂሊ «-ኒ» የቦታ ምልክት ነው፤ «ሶኮኒ» ማለት «በገበያ» ማለት ነው። «ዱካኒ» የሚለውን የሰማ ተናጋሪ መጨረሻውን ከዚህ ምልክት ጋር ስላመሳሰለው «ዱካ» ብቻ ቀረ። ስለዚህ በስዋሂሊ «ሶኮ» ስፍራው፣ «ዱካ» ቤቱ ሆኑ። ሶማሊኛም «ሱቅ» እና «ዱካን» ብሎ ጥንዱን እንዳለ ጠበቀ። የዐረብኛን ጥንድ ሙሉውን የወሰዱ ቋንቋዎች የዐረብኛን ክፍፍልም ወሰዱ፤ አንዱን ብቻ የወሰዱት ግን ለራሳቸው ክፍፍል አዋሉት።

5. ናይሮቢ እና አዲስ አበባ፦ ተመሳሳይ ታሪክ፣ ተቃራኒ ስም

ናይሮቢ የባቡር ሐዲድ ልጅ ናት። ከሞምባሳ የተነሣው የዩጋንዳ ባቡር በ1899 ደረሰባት፤ ከሐዲዱ ጋር የህንድ ነጋዴዎች መጡ። ከእነርሱ የታወቀው አሊዲና ቪስራም ከጠረፉ እስከ ዩጋንዳ የተዘረጉ ዱካዎች ነበሩት። በከተማይቱ ውስጥ የነጋዴዎቹ ሰፈር ባዛር ተባለ፤ በ1902 ወረርሽኝ ገብቶበት ተቃጠለ፣ እንደገናም ተሠራ። የ«ባዛር» ስም የያዘው መንገድ ከጊዜ በኋላ «ቢያሻራ» ተብሏል። ይህም ቃል በዐረብኛ «መሸጥ» እና «መግዛት» የሚሉት ሁለት ቃላት ተገጣጥመው የወጣ ስዋሂሊ ነው፤ ትርጉሙ ንግድ። የፋርሱ ስም ወርዶ የዐረብኛው ወጣ፤ ሁለቱም ግን በባሕር የመጡ ናቸው።

የቃሉና የባለቤቱ ዕድል አንድ አይደለም። በ1967 የወጣው የኬንያ የንግድ ፈቃድ ሕግ ዜግነት የሌላቸውን ነጋዴዎች ከብዙ ስፍራና ከብዙ ሸቀጥ ሲያግድ ብዙ የእስያ ተወላጆች አገሩን ለቀቁ፤ «ዱካ» ግን ቀረ። በኢትዮጵያም ከ1974ቱ አብዮት በኋላ ብዙ የየመን ነጋዴዎች ሲወጡ «ዐረብ ቤት» የሚለው አነጋገር እየተረሳ ሄደ፤ «ሱቅ» ግን የማንም ሳይሆን የአማርኛ ሆኖ ቀጠለ። የነጋዴውን ዘር የሚጠራው ስም ከነጋዴው ጋር ሄደ፤ ነገሩን የሚጠራው ስም ከነገሩ ጋር ቈየ።

ሁለቱን ከተሞች ይበልጥ የሚያቀራርብ ሌላ ቃል አለ። በወረራው ዘመን፣ ከ1936 እስከ 1941፣ ጣሊያኖች የአዲስ አበባን ትልቅ ገበያ ከአራዳ ወደ ምዕራብ አዛወሩት፤ በቋንቋቸው ገበያ ማለት የሆነው «መርካቶ» ለዚያ ስፍራ የተጸውዖ ስም ሆነ። በናይሮቢ ደግሞ «ዋኩሊማ» ማለትም የገበሬዎች የተባለውን የአትክልት ገበያ ሕዝቡ «ማሪኪቲ» ይለዋል፤ እንግሊዝኛው «ማርኬት» በስዋሂሊ አፍ እንዲህ ሆኖ ነው። የጣሊያንኛውም የእንግሊዝኛውም ቃል ከላቲን «ሜርካቱስ» የወረዱ ናቸው። በሁለት ቅኝ ገዥዎች እጅ አንድ የሮማ ቃል ወደ ሁለት የምሥራቅ አፍሪካ ከተሞች ገባ። በሁለቱም የመደቡ ስም «ገበያ» እና «ሶኮ» ተይዞ ስላገኘው የአንድ ስፍራ መጠሪያ ወደ መሆን ጠበበ። በአማርኛ «ሱቅ» ላይ የደረሰው ነገር እንደገና ደረሰ ማለት ነው።

በ1990ዎቹ መጀመሪያ ከሶማሊያ የእርስ በርስ ጦርነት የሸሹ ነጋዴዎች በኢስትሊ «ጋሪሳ ሎጅ» የተባለውን ማደሪያ ክፍል በክፍል ወደ መሸጫነት ለወጡት፤ ይህም በሰፈሩ ለተከተሉት ሰፋፊ የንግድ ሕንፃዎች መነሻ ሆነ። እንዲህ ያለ ሕንፃ ለአሮጌው ክፍፍል ጥያቄ ያቀርባል፤ በአንድ ጣሪያ ሥር ያሉ መቶ ሱቆች ሱቅ ናቸው ወይስ ገበያ? አማርኛ «የገበያ ማዕከል» ሲል ለስፍራው አደላ። ስዋሂሊ «ጁምባ ላ ኪቢያሻራ»፣ የንግድ ሕንፃ፣ ብሎ ሁለቱንም ዘለላቸው። ሶማሊኛ ግን ከመጀመሪያው ቃሉ ሰፊ ስለ ነበር አልተቸገረም።

6. ደንቡና ፈተናዎቹ

የጎረቤት ቃል ደንብ ከምሥራቅ አፍሪካ ውጭም ይሠራል። ስፓኒሽ ከዐረቦች «ሶኮ» የሚል ቃል ወስዷል። በማድሪድ አነጋገር የመጀመሪያው ድምፅ ምላስ በጥርስ መካከል ገብቶ ይነገራል፤ በአሜሪካ አገሮች ግን ከስዋሂሊው አይለይም። ሁለቱ ቋንቋዎች ሳይተያዩ ከአንድ ምንጭ አንድ ቅርፅ ላይ ደርሰዋል። በስፓኒሽ ግን ለገበያ «ሜርካዶ» ስለ ነበረ «ሶኮ» የዐረብ ገበያ መጠሪያና በቶሌዶ እንዳለው እንደ «ሶኮዶቬር» የአደባባይ ስም ሆኖ ቀረ፤ የዚህ አደባባይ ስም «የከብት ገበያ» ከሚለው ዐረብኛ የመጣ ነው። ፖርቱጊዝ ይበልጥ አጠበበው፤ ከ«አስሱቅ» የወጣው «አሶጌ» ሥጋ ቤት ማለት ሆነ። ማልትኛ ግን ራሱ የዐረብኛ ልጅ ስለ ሆነ «ሱቅ»ን በገበያነቱ አቈይቶታል።

በኬንያ ውስጥ ሉኦ ለትግርኛ መልክ ቅርብ ነው፤ ለገበያ የራሱን «ቺሮ» ይዞ ለቤቱ «ዱካ»ን ተቀበለ። ኪኩዩ ግን ደንቡን ይፈትነዋል። ቋንቋው «ንዱንዩ» የሚል የገበያ ቃል እያለው የስዋሂሊውን «ሶኮ»ም በዚያው ትርጉም ወስዷል፤ በስዋሂሊ ተውሶዎች ውስጥ «ሰ» በኪኩዩ በጥርስ መካከል ወደሚነገር ድምፅ ስለሚለወጥ ቅርፁ ወደ «ዞኮ» ይጠጋል። ይህ የሚያሳየው ተናጋሪው ሁሉ ሁለት ቋንቋ በየቀኑ በሚቀያይርበት ቦታ አዲሱ ቃል ክፍት ቦታ ሳይጠብቅ ከአሮጌው ጋር በአንድ ወንበር ሊቀመጥ እንደሚችል ነው። እንዲህም ሆኖ «ንዱንዩ» አልጠፋም፤ «ንዱንዩ ንጄሩ»ን በመሰሉ የቦታ ስሞች ውስጥም ጸንቶ ይገኛል። ስለዚህ ደንቡ ዝንባሌን የሚገልጽ እንጂ የማይሻር ሕግ አይደለም፤ የመሻሩም መጠን ከሁለት ቋንቋነት ጥልቀት ጋር ይያያዛል።

ሌላው ፈተና የመልክ መመሳሰል ነው። የስዋሂሊው «ዱካ» ከአማርኛው «ዱካ»፣ ማለትም የእግር ፈለግ ከሆነው ጋር አይዛመድም። ሊቪንግስተን በመጨረሻው የጉዞ ማስታወሻው በማንዬማ አገር ስላገኘው ትልቅ ዝንጀሮ ሲጽፍ «ሶኮ» ይለዋል፤ ይህም ከገበያው ጋር የሚያገናኘው የለም። በቱርክኛ ጎዳና ማለት የሆነው «ሶካክ» በትርጉሙ አካድኛውን «ሱቁ» ቢያስታውስም የመጣው «ዙቃቅ» ከሚለው ሌላ የዐረብኛ ቃል ነው። አጭር ቃል በመመሳሰል ለመሳሳት ይበልጥ የተጋለጠ ነው፤ ሦስት ድምፆች በየትም ሊገጣጠሙ ይችላሉና።

7. ማጠቃለያ

ጉዳዩ የታሪክ ፍላጎት ብቻ አይደለም። በአማርኛና በስዋሂሊ መካከል የሚዘጋጅ የቃላት ዝርዝር «ሱቅ»ን ከ«ሶኮ» ትይዩ ቢያስቀምጥ የዘር ሐረጉ ትክክል ይሆናል፣ ትርጉሙ ግን ይሳሳታል፤ የ«ሱቅ» ትክክለኛ አቻ «ዱካ» ነው፣ የ«ሶኮ»ም «ገበያ»። በናይሮቢ ለሚኖር አማርኛ ተናጋሪ ይህ ስሕተት ቀላል አይደለም። «ሶኮ» ውስጥ መደብ ለመያዝ የሚጠየቀው ፈቃድና «ዱካ» ለመክፈት የሚጠየቀው ፈቃድ አንድ ስላይደሉ፣ በአስተርጓሚ ወይም በቅጽ ላይ የገባ የተሳሳተ አቻ የሰውን እንጀራ ይነካል።

ረቂቅ የሆነው ትርጉምም የሚከተለው የዘር ሐረጉን ሳይሆን የወንበሩን ባለቤት ነው። የኤኮኖሚ ሊቃውንት ገበያ በአማርኛ «ነፃ ገበያ»፣ በስዋሂሊ «ሶኮ ሁሪያ» ነው። በ1954 የተመሠረተው የናይሮቢ የአክሲዮን መገበያያ በስዋሂሊ «ሶኮ ላ ሂሳ» ይባላል፤ በ2025 ሥራ የጀመረው የአዲስ አበባው አቻው ደግሞ «የሰነደ መዋዕለ ንዋይ ገበያ» ነው። በዕብራይስጥም የካፒታል ገበያ «ሹቅ» ነው። በአማርኛ «ሱቅ» ወደዚህ ከፍታ አልወጣም፤ መንገዱን «ገበያ» ይዞበታልና።

ስለዚህ ለክልላዊ ቋንቋዎች የሚዘጋጅ መዝገበ ቃላት የተውሶን ቃል ሲያስገባ ምንጩን ብቻ መመዝገቡ አይበቃም። ቃሉ ሲገባ ማንን እንዳገኘ፣ ማንን እንዳፈናቀለ፣ ማን እንዳጠበበውም ሊመዘገብ ይገባል። በአካድ ጎዳና የነበረው «ሱቁ» በደማስቆ ገበያ፣ በሊዝበን ሥጋ ቤት፣ በናይሮቢ እንደገና ገበያ፣ በአዲስ አበባ ጨው በዱቤ የሚገኝበት የሰፈር ቤት ሆኗል። ከእነዚህ ትርጉሞች የትኛውም በቃሉ ድምፅ ውስጥ ተጽፎ አይገኝም፤ ሁሉም የተጻፉት በጎረቤቶቹ ላይ ነው።